276 ወዴት እየሄደ ነው?

ለሒሳብ ወዳጆች በቃል ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሒሳብ የምታስተምሩም፣ ከሒሳብ ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ የተለያያችሁም እዚህ መኖራችሁን አውቃለሁ። ለዛሬው ጉዳይ ሁላችሁም እኩል ናችሁ። የሚያስፈልገን መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። አንድ ቁጥር ውሰዱ። ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን ሁሉ ዘርዝሩ፤ ቁጥሩን ራሱን ግን ተዉት። የዘረዘራችሁትን ደምሩ። ያገኛችሁት ድምር አዲሱ ቁጥራችሁ ነው፤ በእሱም ላይ ያንኑ ድገሙ። ሌላ ደንብ የለም።

በ12 እንጀምር። አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ናቸው፤ ድምራቸው 16። የ16 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4 እና 8 ናቸው፤ ድምራቸው 15። ከ15 ወደ 9፣ ከ9 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 3 እንወርዳለን። 3 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከራሱ ሌላ ያለው አካፋይ 1 ብቻ ነው። 1 ላይ ስንደርስ ድርድሩ፣ ማለትም ተከታትለው የመጡት ቁጥሮች ሰልፍ፣ ያልቃል።

አሁን በ12 ምትክ 276ን አስቀምጡ። ያው ደንብ፣ ያው መደመር። ይህ ድርድር የት እንደሚደርስ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያውቅ ሰው የለም። ኮምፒዩተሮች ከ2,000 እርምጃ በላይ ተከትለውታል፤ ቁጥሩ ከ200 አሃዝ በላይ ሆኗል፤ አላለቀም። የዛሬው ንግግሬ ይህ ለምን እንደሆነ ነው። ምክንያቱ የሚጀምረው ጥንታውያኑ እጅግ ያከበሯቸው ቁጥሮች ዘንድ ነው፤ እኔንም ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያችንን እንያዝ። አካፋዮችን አንድ በአንድ መዘርዘር ለ12 ያስኬዳል፤ ለ220 ግን ያደክማል። አቋራጭ አለው። ቁጥሩን ወደ ብቸኛ ቁጥሮቹ በትኑት፦ 220 ማለት 4 × 5 × 11 ነው። የ4 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4 ናቸው፤ ድምራቸው 7። የ5፣ 1 እና 5፤ ድምራቸው 6። የ11፣ 1 እና 11፤ ድምራቸው 12። ሦስቱን ድምሮች አባዙ፦ 7 × 6 × 12 = 504። ይህ ራሱ 220ም የተቆጠረበት የአካፋዮች ሁሉ ድምር ነው፤ ሒሳበኞች ሲግማ በምትባለው የግሪክ ፊደል ይጠሩታል። ከ504 ላይ 220ን ስንቀንስ 284 እናገኛለን። ይህን አቋራጭ ያዙልኝ፣ በኋላ ሥራውን የሚሠራልን እሱ ነው።

284ንም እንሞክረው። 4 × 71 ነው፤ ሲግማው 7 × 72፣ ማለትም እንደገና 504። 284ን ስንቀንስ 220። እንግዲህ 220 ወደ 284 ይልካል፣ 284 ደግሞ ወደ 220 ይመልሳል። እነዚህ ወዳጅ ቁጥሮች ይባላሉ፤ ድርድሩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይኖራል። ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረውና በ901 እ.ኤ.አ. የሞተው የሐራኑ ሳቢት ኢብን ቁራ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን የሚያወጣ ቀመር አገኘ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ኦይለር በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ስልሳ የሚጠጉ አዳዲስ ጥንዶችን ጨመረ። ከመጀመሪያው ጥንድ ቀጥሎ ያለውን ትንሹን ግን ሁሉም አልፈውት ሄዱ። 1184 እና 1210 ነበሩ፤ በ1866 ያገኛቸው ኒኮሎ ፓጋኒኒ የተባለ የ16 ዓመት ጣሊያናዊ ወጣት ነው። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ልብ በሉልኝ፣ ትልልቆቹ ያለፉበት መንገድ ሁሉ የተጣራ አይደለም።

ራሳቸውን የሚመልሱም አሉ። የ6 አካፋዮች 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ድምራቸው ያው 6። የ28 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ናቸው፤ ድምራቸው 28። ቀጥለው 496 እና 8128 ይመጣሉ። ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አካባቢ ተጋማሾቹ እንዴት እንደሚሠሩ አሳየ፤ ከኤውክሊድ መንገድ ውጭ የሚመጣ ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር እንደሌለ ያረጋገጠው ደግሞ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ኦይለር ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ፍጥረት በስድስት ቀን መፈጸሙን ከ6 ፍጹምነት ጋር አያይዞ ጽፏል። ኢተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር ግን እስካሁን አልታወቀም። እሱን ዛሬ አልነካውም፤ የራሱ ምሽት ያስፈልገዋል። ከፍጹማኑ 6ንና 28ን ብቻ በአእምሯችሁ አቆዩልኝ።

ከሁለት በላይ ሆነው የሚዞሩም አሉ፤ ማኅበርተኛ ቁጥሮች ልበላቸው። ቤልጅጋዊው ፖል ፑሌ በ1918 ሁለት እንዲህ ያሉ ዑደቶችን ይፋ አደረገ። አንደኛው 12496፣ 14288፣ 15472፣ 14536፣ 14264 ነው፤ ከመጨረሻው ተመልሶ 12496 ይመጣል። ሁለተኛው ከ14316 ተነሥቶ 28 ቁጥሮችን አዳርሶ ወደ መነሻው ይመለሳል። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን 28 እርምጃ ሳይሰናከሉ መሄድ ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። ሌሎች ዑደቶች እስኪገኙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ፤ በ1970 ኦንሪ ኮኸን ባለ አራት ቁጥር ዑደቶችን አገኘ።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት መጨረሻ አየን። ድርድሩ 1 ላይ ወርዶ ያልቃል፤ ወይም ፍጹም ቁጥር ላይ ይቆማል፣ ለምሳሌ 95 ወደ 25፣ 25 ወደ 6 ይሄዳል፤ ወይም ዑደት ውስጥ ይገባል። ኡዠን ካታላን በ1888 ሁሉም ድርድር ወይ 1 ላይ ወይ ፍጹም ቁጥር ላይ ያርፋል ሲል ገመተ። 220 ይህን ግምት እንደማይቀበል አይታችኋል። አሜሪካዊው ሊዮናርድ ዲክሰን በ1913 አስተካከለው፦ ድርድሩ 1 ላይ ያልቃል፣ ወይም ፍጹም ቁጥር ላይ ያርፋል፣ ወይም ይዞራል፤ ያለ ገደብ የሚያድግ ግን የለም። ይህ የካታላንና የዲክሰን ግምት ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያረጋገጠውም ያፈረሰውም የለም።

ትንንሾቹን ስትሞክሩ ግምቱ እውነት ይመስላል። 30ን እንይ፦ 30፣ 42፣ 54፣ 66፣ 78፣ 90፣ 144፣ 259፣ 45፣ 33፣ 15፣ 9፣ 4፣ 3፣ 1። መጀመሪያ ሳያቋርጥ ወጣ፣ ከዚያ ወደቀ። ለምን ወጣ? ለምንስ ወደቀ? እዚህ ጥቂት ልቆይ፤ ቁልፉ እዚህ አለና።

ከ30 እስከ 90 ያሉትን ተመልከቱ። ሁሉም በ6 ይካፈላሉ። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በቁጥሩ ውስጥ 2 አንዴ ብቻ ካለ፣ ሲግማው ውስጥ 1 + 2፣ ማለትም 3፣ የግድ ይገባል። ቁጥሩ ራሱ በ3 ከተካፈለ፣ ሲግማውም በ3 ከተካፈለ፣ ልዩነታቸውም በ3 ይካፈላል። ስለዚህ 2 አንዴ ብቻ እስካለ ድረስ 3 አይጠፋም። 2ስ አንዴ ብቻ ሆኖ የሚቀጥለው መቼ ነው? ሲግማው በ4 ሲካፈል ነው። ቁጥሩ በ2 እንጂ በ4 አይካፈልም፤ በ4 ከሚካፈል ሲግማ ላይ ሲቀነስ ውጤቱም በ2 እንጂ በ4 የማይካፈል ይሆናል። በ6 የሚካፈል ከ6 የሚበልጥ ቁጥር ሁሉ ደግሞ የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ ይበልጣል፤ ግማሹ፣ ሲሶውና ስድስተኛው ብቻ ተደምረው ቁጥሩን ይሞሉታልና ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እንግዲህ 6 አንዴ ከገባ ቁጥሩን ይዞ ይወጣል፣ ራሱንም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

90 ላይ ምን ተፈጠረ? 90 ማለት 2 × 9 × 5 ነው። ሲግማው 3 × 13 × 6፣ 234 ነው። 13ቱን አያችሁ? 3 ሁለት ጊዜ በመግባቱ ከ3 ይመጣ የነበረው 4 ቀርቶ 13 መጣ፤ 13 ኢተጋማሽ ነው። በሲግማው ውስጥ የቀረው አንድ 2 ብቻ ነው፣ እሱም ከ5 የመጣው። 234 በ4 አይካፈልም። ስለዚህ የሚቀጥለው ቁጥር በ4 የሚካፈል ሆነ፣ 144፤ የ6 ሥርዓት ፈረሰ። 144 ደግሞ 12 በ12 ነው። ሲግማ ኢተጋማሽ የሚሆነው ቁጥሩ ስኩዌር ወይም የስኩዌር እጥፍ ሲሆን ብቻ ነውና፣ ከ144 በኋላ 259 መጣ፤ ኢተጋማሽ ቁጥር። ትንንሽ ኢተጋማሾች ከ945 በፊት ትርፍ የላቸውም፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው።

ሪቻርድ ጋይና ጆን ሰልፍሪጅ በ1975 እንዲህ ያሉትን ራሳቸውን የሚያስተላልፉ ቅንብሮች "ነጂዎች" ብለው ሰየሙ። ዝርዝራቸውንም አወጡ፦ 2፣ 24፣ 120፣ 672፣ 523776 እና ተጋማሾቹ ፍጹም ቁጥሮች ሁሉ። አስተውሉ፤ ኤውክሊድ የመረመራቸው 6 እና 28 (6ን አውግስጢኖስ ከፍጥረት ጋር ያያዘው)፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ፍጹም ጸጥ ያሉ ናቸው፤ በሌላ ቁጥር ውስጥ ሲገቡ ግን ድርድሩን ወደ ላይ የሚነዱት እነሱ ሆነው ተገኙ። 2 ብቻዋን፣ ያለ 3፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ትነዳለች።

አሁን 276ን በቅርበት እንከተለው፦ 276፣ 396፣ 696፣ 1104፣ 1872፣ 3770፣ 3790፣ 3050፣ 2716፣ 2772፣ 5964፣ 10164፣ 19628፣ 19684...

3770 ላይ ቁም በሉት። 3770 ማለት 2 × 5 × 13 × 29 ነው። 2 አንዴ፣ 3 የለም፤ ወደ ታች የምትነዳው 2 ይዛዋለች። 3790 ላይም እሷው ናት። ወደ 3050 ወረደ። እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ መጨረሻው ሩቅ ባልሆነ ነበር። ግን 3050 ማለት 2 × 25 × 61 ነው። 5 ሁለት ጊዜ ገባ። ሲግማው 3 × 31 × 62 ነው፤ 31 ኢተጋማሽ፣ 62 ውስጥ አንድ 2 ብቻ። ሲግማው በ4 አልተካፈለም። የ90 ታሪክ ተደገመ፣ ይህን ጊዜ ግን የተሰበረው ቁልቁለቱ ነው። ቀጣዩ 2716 ሆነ፤ እሱም 28 × 97 ነው።

28 ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉትን በ28 አካፍሏቸው፦ 2772 ለ28 ሲካፈል 99፣ 5964 ሲካፈል 213፣ 10164 ሲካፈል 363፣ 19628 ሲካፈል 701። ሁሉም ኢተጋማሽ፣ ሁሉም ያለ ቀሪ። እያደገ 54684 ደረሰ። እዚያ ላይ ሊሰበር ተቃርቦ ነበር። 54684 ማለት 4 × 9 × 49 × 31 ነው፤ 7 ሁለት ጊዜ ገብቷል። ከ4 የሚመጣው 7፣ ከ9 የሚመጣው 13፣ ከ49 የሚመጣው 57 ነው፤ ሦስቱም ኢተጋማሽ። 28 እንዲቀጥል ሲግማው በ8 መካፈል አለበት። 31 ባይኖር አብቅቶለት ነበር፤ ከ31 ግን 32 መጣ። በአንዲት ብቸኛ ቁጥር ዳነ፤ ቀጣዩ 111300 ሆነ፣ 28 × 3975።

ይህን በወረቀት ላይ ስሠራው እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ የአንድ ድርድር ዕጣ እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር መወሰኑ ነው። አንድ 5 ሁለት ጊዜ መግባቷ፣ አንድ 31 በቦታው መገኘቷ። ችግሩ የማይፈታበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሲግማ የሚሠራው በማባዛት ዓለም ነው፤ ብቸኛ ቁጥሮቹን ካወቅን ሁሉን እናውቃለን። ከዚያ ግን ቁጥሩን እንቀንሳለን፣ መቀነስ ደግሞ ብቸኛ ቁጥሮቹን ሁሉ ያተራምሳል። የሚቀጥለው ቁጥር ከነማን እንደተሠራ የአሁኑ የሚነግረን እጅግ ጥቂቱን ነው።

ስለዚህ አንድ እርምጃ ለመሄድ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ብቸኛ ቁጥሮቹ መበተን የግድ ነው፤ መዝለል አይቻልም። ቁጥሩ ከመቶ አሃዝ ሲያልፍ ይህ ከባድ ሥራ ይሆናል። ትላልቅ ቁጥሮችን መበተን አስቸጋሪ መሆኑን የኢንተርኔት ምሥጢራዊ ጽሑፍ ሳይቀር ይተማመንበታል፤ እዚህ ግን ያው አስቸጋሪነት መንገዳችን ላይ የቆመ ግንብ ነው። በበርክሌይ የነበረው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር ድርድሮቹን በኮምፒዩተር መከታተል ከጀመሩት አንዱ ነው። 138 ላይ ያየው እንዲህ ነበር፦ ድርድሩ በ117ኛው እርምጃ 179,931,895,322 ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ወርዶ በ177ኛው እርምጃ 1 ላይ አለቀ። ከ1000 በታች ካሉት መጨረሻቸው ያልታወቀ ስድስት ነበሩ፦ 276፣ 552፣ 564፣ 660፣ 840 እና 966። 840 እስከ 49 አሃዝ ወጥቶ፣ በ746ኛው እርምጃ 601 ላይ ወረደ፤ 601 ብቸኛ ቁጥር ነውና አለቀ። አምስቱ እስከ ዛሬ ክፍት ናቸው፤ የሌመር አምስት ይባላሉ። ሌሎች እንደ ገባር ወንዝ ይቀላቀሏቸዋል፤ ለምሳሌ 306 በአንድ እርምጃ 396 ላይ ከ276 ጋር ይገናኛል፤ 828 እና 996 ደግሞ ከ660 ጋር 1356 ላይ ይገናኛሉ።

የ840 ታሪክ ለካታላንና ለዲክሰን ይመሰክራል፤ ስንት መቶ እርምጃ ዞሮም ወረደ። ጋይና ሰልፍሪጅ ግን በተቃራኒው ቆሙ፦ ከተጋማሽ ቁጥሮች የሚነሡ ብዙ ድርድሮች፣ ምናልባትም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ ያለ ገደብ ያድጋሉ አሉ። ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ሌንስትራ የፈለጋችሁትን ያህል እርምጃ ሳያቋርጥ የሚያድግ ድርድር እንዳለ አረጋገጠ። ፖል ኤርዶሽ በ1976 ከዚያ አልፎ ሄደ፦ በመጀመሪያው እርምጃ የሚያድግ ቁጥር፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ፣ ቀጥለው በሚመጡት እርምጃዎችም ያድጋል፤ የእርምጃውን ብዛት አስቀድማችሁ ምን ያህልም አድርጋችሁ ብትወስኑ። ልብ በሉ፣ ይህ ያለ ገደብ ማደግን አያረጋግጥም። ሺህ እርምጃ መውጣትና ለዘላለም መውጣት የተለያዩ ናቸው።

በ2012 ዊብ ቦስማና ቤን ኬን በሌላኛው ሚዛን ላይ ክብደት ጨመሩ። ተጋማሽ ቁጥሮችን ሁሉ ብትወስዱና እያንዳንዱ በአንድ እርምጃ ስንት እጥፍ እንደሚሆን በማባዛት አማካዩን ብታወጡ፣ ከ1 ያነሰ ነው፤ 0.97 አካባቢ። ማለትም በአማካይ ተጋማሽ ቁጥር በጥቂቱ ይወርዳል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ወደ ጋይና ሰልፍሪጅ አዘነብላለሁ። የ0.97ቱ አማካይ የወጣው ሁሉም ተጋማሽ ቁጥር እኩል ዕድል ተሰጥቶት ነው። ድርድሩ ግን ቁጥሮቹን በዕጣ አይመርጥም፤ 28 ሲይዘው ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ቁጥሩ በገዘፈ መጠን ደግሞ በውስጡ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ይበዛሉ፤ እያንዳንዱ ኢተጋማሽ ብቸኛ ቁጥር አንዴ ሲገባ ለሲግማው ቢያንስ አንድ 2 ያዋጣል። እንደ 31 ያለ አዳኝ የመገኘቱ ዕድል ያድጋል፤ ነጂው የሚሰበርባቸው አጋጣሚዎች እየራቁ ይሄዳሉ። ይህ ወደ ታች የምትነዳውን 2ንም እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ማረጋገጫ ሳይሆን ዝንባሌ ነው ያልኩት።

ከመቀመጤ በፊት ጥያቄውን ላገላብጠው። እስካሁን የጠየቅነው ከአንድ ቁጥር ተነሥተን ወዴት እንደምንሄድ ነበር። ወደ እሱስ የሚያደርስ አለ? ወደ 5 የሚወስድ ቁጥር ፈልጉ። 5ን ከ1 እና ከሌሎች የተለያዩ አካፋዮች መሥራት የሚቻለው 1 + 4 በማለት ብቻ ነው፤ 4 የሚያካፍለውን ግን 2ም ያካፍለዋል። ስለዚህ ወደ 5 የሚያደርስ የለም። እንዲህ ያሉት የማይነኩ ቁጥሮች ይባላሉ። አቡ መንሱር አልባግዳዲ የዛሬ ሺህ ዓመት ግድም 2 እና 5 እንዲህ መሆናቸውን አስተውሏል። ቀጥለው 52፣ 88፣ 96፣ 120 ይመጣሉ፤ ማለቂያ እንደሌላቸው ኤርዶሽ በ1973 አረጋግጧል። ከ5 ሌላ ኢተጋማሽ ይኖር ይሆን? የሁለት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሚልከው ወደ ሁለቱ ድምር ሲደመር 1 ነው። እንግዲህ ከ8 ጀምሮ ያለው ተጋማሽ ሁሉ የሁለት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ከሆነ፣ ከ9 ጀምሮ ያለው ኢተጋማሽ ሁሉ ይነካል፤ ወደ 1፣ 3 እና 7 የሚያደርስም አለና 5 ብቻውን ይቀራል። ያ ደግሞ የጎልድባክ ግምት በጥቂቱ ጠንከር ብሎ ነው፤ እጅግ ከታወቁት ያልተፈቱ ጥያቄዎች አንዱ።

የማይነኩትን ዝርዝር ወደ ላይ ብትከተሉት 276ን ታገኙታላችሁ። ወደ 276 የሚያደርስ ቁጥር እንደሌለ የተረጋገጠ ነው፤ ከሱ ተነሥቶ የት እንደሚደረስ ግን እስካሁን አልታወቀም። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።